ባዜቃው የት ገባ

ነጋዴ ነኝ። ዕቃ ከእጄ ሲወጣ መጨረሻው የት እንደሆነ ካላወቅሁ አይመቸኝም። ሳሙና ገላ ላይ ያልቅና ከእጣቢው ጋር ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ይገባል። ሩዝ ሆድ ይገባል። ሰልባጅ ልብስ ሰው ላይ ይነትብና መወልወያ ሆኖ ይሞታል። ከጅቡቲ ያመጣሁትን ሬዲዮ ፊናንስ ፖሊስ ይወርሰዋል፤ በፊናንሱ ቤት በር ሳልፍ ዜና ሲያነብ እሰማዋለሁ፤ የእሱም መጨረሻ ታወቀ ማለት ነው። በንግድ ዘመኔ መጨረሻውን ያላገኘሁለት ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ ባዜቃ።

ባዜቃ ብር መስሎ እንደ ውሃ የሚፈሰው ነገር ነው። የድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ሰዎች በዓረብኛው ዘይበቅ ይሉታል። የሽቶ ጠርሙስ በምታክል ብልቃጥ ይመጣል፤ ብልቃጧን ያላወቀ ሰው ሲያነሳት እጁ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ድንጋይ ናት። ጅቡቲ የሚሸጥልኝ የመናዊ ባለሱቅ ከየት አገር እንደሚመጣ አያውቅም። ብጠይቀው፣ «መርከብ አመጣው» ይለኛል። ለእሱ መርከብ አገር ነው።

ድሬዳዋ ላይ የምቀበለው ደንበኛ አንድ የመጋላ ወርቅ ሠሪ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ወርቅ ያለው ወርቁን ቀብሯል፣ የሌለው ደግሞ እንደሌለው በግልጽ ያወራል። ሙሽራ ግን አብዮት መጣ ብላ ባዶ አንገቷን አትዳርም። ስለዚህ ወርቅ ሠሪው ብሩን ሠርቶ በወርቅ ይቀባው ነበር። አሠራሩን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ትንሽ ወርቅ ባዜቃ ውስጥ ሲገባ ይሟሟና እንደ ቅቤ ይሆናል። ያንን ቅቤ ብሩ ላይ ይለቀልቀዋል። ከዚያ ከሰል ላይ ያደርገዋል፤ ባዜቃው ይተንና ወርቁ ብቻ ይቀራል። ሙሽራዋ ከአንገት እስከ ወገቧ ታበራለች፤ አማቷም ሳትነክስ አታውቅም።

«ባዜቃው የት ሄደ?» አልኩት መጀመሪያ ያየሁ ቀን።

«ወደ ላይ።»

«ላይ ማን አለ?»

«አላህ ነዋ!»

«አላህ ምን ያደርግበታል?»

ሳቀ። ያኔ የሚስቅ ሰው ነበር።

እኔ ባዜቃውን የማመጣው በባቡር ነው፤ ወገቤ ላይ በመቀነት አስሬ። እኛ የኮንትሮባንድ ሴቶች ስንሄድ ቀጭን ነን፣ ስንመለስ ሦስት ድሪያ ቀሚስ ደርበን ያረገዝን እንመስላለን። ወርቃችንንም እንለብሳለን። ባንኩን መንግሥት ስለወረሰው የእኛ ባንክ እጃችን ላይ ነበር፤ እጃችንን እስካልወረሰ ድረስ። ታዲያ አንድ ጉዞ ላይ፣ ሽንሌ ጣቢያ ስንደርስ፣ ፊናንሶቹ ፉርጎው ውስጥ ግር ብለው ገቡ። ብልቃጧን ከወገቤ አውጥቼ ብብቴ ውስጥ ስወትፋት ክዳኗ ተነቀለ። ባዜቃው በክንዴ ወረደ። ቀዝቃዛ ነው፤ እባብ በእጅጌዬ የገባ ነው የመሰለኝ። ፊናንሱ አጠገቤ ሲደርስ አምባሮቼ እንዳሉ ነጭ ሆነዋል።

«እትዬ፣ የብር አምባር ነው እንዴ የምታደርጊው?» አለኝ።

«ድሃ ነኝ፣ ምን ላድርግ ጌታዬ።»

አዝኖልኝ አለፈ። ከጎኔ የነበረችውን ሴት ግን ጥርሷ ውስጥ ያለውን ወርቅ ሳይቀር አይቶ አወረዳት። አምባሮቹን ድሬ ስደርስ ወርቅ ሠሪው ፍም ላይ ያዛቸው፤ ጭስ ወጣና ቢጫቸው ተመለሰ። ሲመለሱ ቀጥነው ነበር፤ ቢሆንም እጄ ላይ ተመለሱ። ይህቺን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ጥቂት ክረምቶች እንዳለፉ የወርቅ ሠሪው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ወረንጦው ነው የተንቀጠቀጠው፣ ቀጥሎ ጣቱ፣ ቀጥሎ አገጩ። ድዱ ይደማል፤ ምራቁ ስለሚበዛ ሲናገር ጨርቅ አፉ ላይ ይይዛል። ያ ሳቂታ ሰውዬ ቁጡ ሆነ፤ ትንሽ ነገር ሲወድቅበት መዶሻ ይወረውራል፣ ከወረወረ በኋላ ያፍርና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሰው አዘነለት እንዳይመስላችሁ። ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆማል። ሁሉም ጸጥ ብሎ የሚጠብቀው ብርጭቆው ጥርሱን ሲመታ ለመስማት ነው። መጋላ ቲያትር ቤት የለውም።

«አባ፣ ለማን ሰርግ ነው የምትጨፍረው?» ይሉታል ጎረምሶቹ። ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ ለሽማግሌም አንተ ነው፣ ስድቡም ለሁሉም እኩል ይደርሰዋል።

እሱ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ይወጣል። እኔም ከሳቂዎቹ ጋር ስቄያለሁ። ሻይ ቤት ገብቶ ብቻውን የማይስቅ ነጋዴ ወሬ አይነገረውም።

ታላቅ እህቱ ግን አልሳቀችም። ባሏ የሞተባት፣ ቅመም ተራ ላይ ድንኳኗ ከሁሉ የሚሰፋ፣ ድምጿ ከድንኳኗ የሚሰፋ ሴት ናት። የድሪያዋ እጅጌ ሥር ከአንጓዋ እስከ ክርኗ እውነተኛ ወርቅ እንዳለ መጋላ ሁሉ ያውቃል፤ ያየው ግን የለም። ለወንድሟ መንቀጥቀጥ ምክንያቱን ያገኘችው እሷ ናት። ሚስቱ!

ሚስቱ ከድሬ ወጣ ካለችው ከመልካ ጀብዱ የመጣች ልጅ እግር ናት፤ የፊተኛዋ ሚስቱ ሞታበት ነው ያገባት። ጡት የጣለች አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ወርዳ አታውቅም፤ እናትና ልጅ አንድ ጥላ ነበራቸው። እህትየው ለመጣው ሁሉ የምትለው እንዲህ ነው፤

«መተት አስነክታዋለች! ወላሂ አስነክታዋለች። ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? እጇን እዩ። ወንድሜ በእጁ የሠራላት አምባር ነጭ ሆኗል። ወርቅ ክፉ ገላ ላይ ቀለሙን ይጥላል፤ አባቴ ይለው ነበር።»

እውነትም አምባሩ ገርጥቶ ነበር። በቆዳ ላይ እንደሚወጣ ለምጽ፣ እዚህም እዚያም ነጭ። ሰው ያንን አይቶ መንገድ ይለውጥባት ጀመር። ውሃ ቦኖ ላይ ወረፋ ስትይዝ ከፊቷ ያሉት ይፈጥናሉ፤ ከኋላዋ ያሉት ቀን ይለውጣሉ። ቤተሰቡ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሊሰበሰብ ተቀጠረ። የሚባለውም አስቀድሞ ታውቋል፤ ይፈታታል፣ መልካ ጀብዱ ትመለሳለች፣ ልጅቷ ትቀራለች። «ልጅቷ የእኛ ናት፤ ከመርዙ በፊት የተወለደች» ብላለች አክስቷ።

ሐሙስ ጠዋት ሚስትየው ለገሀሬ፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ እቤቴ ድረስ መጣች። ልጇን አዝላለች። ከበሩ አልገባ ብላ ቆመች።

«እትዬ፣ አንቺ ክርስቲያን ነሽ።»

«እሱን ለመንገር ነው የመጣሽው?»

«መተት የሚፈታ ቄስ ታውቃለች አሉኝ። እኔ አላደረግኩም፤ ግን ሳላውቅ አድርጌ ከሆነ ይፍታልኝ። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው።»

እጇን ያዝኩና አምባሩን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ሳቄ መጣ። ክፉ ሳቅ ነው፤ ግን ምን ላድርግ፣ ሽንሌ ላይ ያለው ፊናንስ ትዝ አለኝ።

«ምን ያስቅሻል?» አለች፤ እንባዋ ደርቆ።

«ሽርጡን የምታጥቢው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኛ።»

«የሚሠራበትን ክፍልስ?»

«እጠርጋለሁ። የሚቀመጥበትን መከዳ አራግፋለሁ።»

«አምባርሽን ሳታወልቂ?»

እንደ ሰደብኳት ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ ቤት ወግ፣ ባል በእጁ ሠርቶ ያጠለቀውን ሚስት አታወልቅም፤ ያወለቀች ቀን ትዳሯን አወለቀች ነው። ባሏ ራሱ አመድ ሲዛቅ እንኳ አውልቂው ብሏት አያውቅም። ስለዚህ የባዜቃ አመድ ስትዝቅ፣ የባዜቃ ሽርጥ ስታሽ፣ ፍቅሯ ራሱ ነበር የሚመሰክርባት።

ከእሷ ጋር መጋላ ሄድኩ። ጽድቅ ፍለጋ አይደለም። ያቺ እህትየው አንድ ጊዜ ቅመም ተራ ላይ በሰው ፊት «ባቡር ለባሽ» ብላኛለች፤ ኮንትሮባንድ ደርበሽ ትገቢያለሽ ማለቷ ነው፤ አልረሳሁላትም። በዚያ ላይ እህትየው ጥፋቱን ከሚስትየው አንስታ በባዜቃው ላይ ለማድረግ ከደረሰች፣ ቀጥላ የምትጠይቀው ማን አመጣው ብላ ነው። ነገሩ መውጣቱ ካልቀረ እኔ ባወጣው ይሻላል። ነጋዴ ጎርፍ ሲመጣ ካየ ቦዩን ራሱ ይቆፍራል።

ወርቅ ሠሪው ብቻውን ተቀምጦ ነበር። እጆቹን ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀምጦባቸዋል፤ ዝም እንዲሉለት።

«አባ፣ የእኔን አምባር ያነጣው ምን እንደነበር ታውቃለህ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«የእሷንስ?»

ጨርቁን አፉ ላይ አደረገ።

«የእጅህንስ?»

«አባቴም ሲሞት እንዲህ ነበር» አለ። «አያቴም። የዘር ነው ስንል ኖርን።»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም? ነገ ሚስትህን ሊያባርሯት ነው።»

«መተት ከሆነ ይፈታል» አለኝ። «ሥራዬ ከሆነ ማን ይፈታዋል? እጁ የሞተ ወርቅ ሠሪ ምን ይባላል? መተት ይሁን። ተዪው፣ መተት ይሁን።»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። ልጇን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዞረቻት፣ ያ ብቻ።

ዓርብ ተሰበሰቡ። አጎት የሚባሉ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እህትየው፣ ወርቅ ሠሪው። ሚስትየው ግቢው ውስጥ ከበሩ ውጭ ተቀመጠች፤ የሚፈረድበት ሰው ቦታ እዚያ ነው። እኔ የሙሽራ ዕቃ የምጠብቅ መስዬ ገባሁ፤ አንድም ሰው ውጪ አላለኝም። ሽማግሌዎቹ ለዓረፋ በዓል የሽቶና የጨርቅ ዕዳ… አይ፣ ዕዳውን ልተወው፤ ውጪ ያላሉኝ ምክንያት ነበራቸው እንበል።

እህትየው መሬት ላይ የተነጠፈው ሰሌን ላይ ልትቀመጥ ስትል ዘልዬ ተነሳሁ።

«ኧረ በአላህ! ታላቅ እህት ሰሌን ላይ ትቀመጣለች እንዴ? ይሄ ሁሉ ሰው እያለ?» አልኩ። «የወንድምሽ ቦታ ላይ ውጪ እንጂ። የአባትሽ ቦታ አልነበረም?»

«የአባቴ ነው!» አለች።

ወጣች። ወርቅ ሠሪው የሚሠራበት መከዳ ላይ ተንሰራፋች፤ አባትና ልጅ ባዜቃ ሲያንጠባጥቡበት የኖሩበት መከዳ። ወርቅ ሠሪው አይኑን ወደ እኔ ላከ። አየሁት። አንድ ቃል ቢናገር ያስቆመኝ ነበር፤ ጨርቁን አፉ ላይ አደረገ።

ሴትየዋ ስትናገር በእጇ ነው የምትናገረው። «እዚህ ነው አባቴ የተቀመጠው!» ብላ መከዳውን በጥፊ ትመታለች። «እዚህ ነው ወንድሜ ያደገው!» ክንዷን ከመከዳው ስንጥቅ ውስጥ ከትታ ትደገፋለች። የሚስትየዋን የምግብ አሠራር ተናገረች፣ የእናቷን የመልካ ጀብዱ ወሬ ተናገረች፣ አረማመዷን ሳይቀር ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የጨረሰች ሲመስለኝ፣

«ወርቅ ይመሰክራል ያልሽው እውነት ነው» አልኩ። «እኔ ከአብዮቱ ወዲህ ንጹሕ ወርቅ አይቼ አላውቅም። የንጹሕ ሰው ወርቅ ምን እንደሚመስል እስቲ አሳዪን፤ ሽማግሌዎቹም አይተው ይፍረዱ።»

ሙገሳ ነው፤ እምቢ አትልም። የዚያን ሁሉ ዓመት ምስጢር እጅጌዋን ሰብስባ ገለጠችው።

ለምጽ አውጥቷል። አንጓዋ ላይ ያሉት ጭራሽ ነጭ ሆነዋል፣ ወደ ክርኗ ያሉት ዥጉርጉር። አንዱ አምባር ላይ ባዜቃው ገና እንደ ጤዛ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው፣ ረስቶት ነው መሰለኝ፣ «ወርቅ ክፉ ገላ ላይ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

«ጨርሰው እንጂ አባ» አልኩት።

እህትየው መጮህ ስትጀምር ጎረቤት አጥር ላይ ወጣ። «ገደለችኝ! እኔንም አስነካችኝ!» ትላለች፤ ሚስትየው ግን እግሯን እንኳ ከግቢ አላነሳችም፤ ሁሉም ሲያያት ነው የዋለችው። እንግዲህ ያኔ ተናገርኩ። የራሴን አምባር፣ የሽንሌውን ነገር፣ መከዳውን፣ ሽርጡን ነገርኳቸው። መከዳውን አንስቼ ሰሌኑ ላይ ሳራግፈው ባዜቃው ከስፌቱ ውስጥ እንደ ዶቃ ተንከባለለ። ሽማግሌዎቹ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«እውነት ነው?» አሉት ወርቅ ሠሪውን።

«እውነት ነው» አለ። «አባቴም በእሱ ነው የሞተው።» ከዚያ እጆቹን ከጭኑ ሥር አወጣቸው። እንደፈለጉ ተንቀጠቀጡ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ጥሩ ሰዎች ነን ማለት ነበር። ሚስትየው ከበሩ ውጭ ሆና ልጇን አቅፋ ታለቅሳለች፤ መጀመሪያ ያየሁባት የደስታ ልቅሶ ነው። ነገር ግን አንደኛው አጎት ሥራ አዋቂ ሰው ነበር።

«ደግ» አለ። «መተት የለም። እሷም ንጹሕ ናት፣ አላህ ይመስገን። አሁን ይሄ ቤት ምን ሊበላ ነው? ዓረፋ እየመጣ ነው፤ የስንት ሙሽራ ብር እዚህ ተቀምጧል። የእሱ እጅ እንደምታዩት ነው።»

እህትየው አምባሮቿን በሻሿ እያሸች ነበር፤ ባሸቻቸው ቁጥር ይበልጥ ይነጣሉ።

«የእሷ እጅ ደህና አይደል?» አለች ቀና ሳትል። «እሱ ቁጭ ብሎ ያሳያት፣ እሷ ትቀባ፣ እሷ ታቃጥል። ንጹሕ ናት ተባለ አይደለም እንዴ? ትሥራበት።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። አንድ መላ ሁለት ቀዳዳ ሲደፍን ሽማግሌ ደስ ይለዋል። ወርቅ ሠሪው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ምራቁ ቀደመው። እኔም ነበርኩ። «ያው መርዝ አይደለም እንዴ?» ብል ኖሮ፣ «አምጪዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ነበር መልሱ።

ሚስትየዋን ጠርተው ነገሯት።

«ልጄስ?» አለች።

«ልጅሽ ካንቺ ጋር ናት።»

«ቶሌ» አለች በኦሮምኛ፤ እሺ ማለቷ ነው። ዓረፍተ ነገሩን አላስጨረሰቻቸውም።

የመጀመሪያ ሥራዋ ምን እንደነበር ገምቱ። የእህትየዋን አምባሮች ቢጫ መመለስ። ከሰሉ ተቀጣጠለ፣ ባልየው ከሩቅ «ገልብጪው፣ አሁን አንሺው» ይላል፣ እሷ በጉጠት ይዛ ታገላብጣለች። ጭሱ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ጉሮሮ ላይ ነው የሚታወቀው። እህትየው ወርቄን ትሰርቀኛለች ብላ በትከሻዋ ላይ ተደፍታ ትመለከታለች፤ አፍንጫዋ ከፍሙ በላይ ነው። እኔ አፌን ሸፍኜ በር ላይ ቆምኩ። ላስጠነቅቃት ይገባ ነበር ትሉ ይሆናል። ባቡር ለባሽ ነኝ፤ ምን አውቃለሁ።

ገና ከሰሉ ሲቀጣጠል፣ ሥራ ከመጀመሯ በፊት፣ ሚስትየው አንድ ነገር አድርጋ ነበር። ልጇን ከጀርባዋ ፈታችና ግቢውን አሻግራ አስቀመጠቻት። ልጅቷ እየጮኸች ስትመለስ እንደገና ወሰደቻት። ሦስተኛ ስትመለስ እህትየው ተነሳችና ብድግ አደረገቻት።

«ስጪኝ እኔ ቤት ትዋል» አለች። «በእሳት ቀን ብቻ።»

ሚስትየው አሰበች። ፍሙን አየች፣ ልጇን አየች።

«በእሳት ቀን ብቻ» አለች።

ከዚያ ወዲህ እኔ ብልቃጥ ይዤ ስመላለስ ዓይኔ ሁሌ ጭሱ ላይ ነበር። በጣሪያው ክፍተት ይወጣል። አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ ዶሮዎቻቸው አንገታቸውን እየጠመዘዙ ሞቱባቸው፤ በሽታ ነው አሉ። ዝናብ ሲጥል ከቆርቆሮው ወርዶ በሰርጡ ደቻቱ ይገባል፤ ደቻቱ ሲሞላ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ሶማሌው ሜዳ ይወስደዋል። ከሜዳው ወዲያ ያለውን አላውቅም። ግመል ይጠጣዋል፣ ግመሏን የሚያልብ ይጠጣዋል፣ ወይም ደመና ሆኖ ወደ መጣበት ባሕር ይመለስና የመናዊው እንደገና ይሸጥልኛል። አያልቅም። ባዜቃ የሚያልቀው ብልቃጡ ውስጥ ብቻ ነው።

ሙሽራም አላለቀም። የእሳት ቀን በሳምንት አንድ ነበር፤ ሰው ሥራዋን ወደደውና ሁለት ሆነ፤ ከዓረፋ በፊት በየቀኑ ሆነ። ልጅቷ እሳት ሲነድ አክስቷ ቤት ትውላለች፤ ሲመሽባት እዚያው ታድራለች። እናትየው አመዱ ከእጇ ሳይለቅ ልጇን መንካት ስለምትፈራ፣ እጇን አጥባ አጥባ ስትሄድ ልጅቷ ተኝታ ታገኛታለች። ባልየው እሷ ማቃጠል ከጀመረች ወዲህ ትንሽ ተሻለው፤ ሻይ ቤት ገብቶ ብርጭቆውን ሳያንጫጭ ጠጣ። ጎረምሶቹ ተከፉ።

የመጨረሻዋን ብልቃጥ ያመጣሁ ቀን ሻይ ቀዳችልኝ። ብርጭቆው ውስጥ የገባው ግማሹ ነው፤ ቀሪው ሰሌኑ ላይ። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ አቀበለችኝ፤ አክብሮት መስላ። አምባሩ አሁንም እጇ ላይ ነው፤ አላወለቀችውም፤ ነጭነቱ ጨርሶ ብር ሆኗል። አይቶት የሚገረም ሰው ጠፍቷል።

ልጅቷ በበሩ በኩል ስትሮጥ መጣች። አድጋለች፣ ጎበዝ ሆናለች፣ አይኗ ጥርት ያለ ነው፤ እጇ እንደ ድንጋይ የጸና። ይህን ያደረገችው እናቷ ናት፤ ማንም አይነፍጋትም።

«ነዪ እናትዬ፣ ሳሚኝ» አለቻት እናቷ።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ አክስቷ እጅጌዋን አውርዳ ቆማለች። ልጅቷ ዞር ብላ አክስቷን አየችና፣

«እማ፣ ልሂድ?» አለቻት።